ያልተቆጠሩ ውርወራዎች

ሰማያዊዋ የፕላስቲክ ክዳን ከኤልሚን ጣቶች ስትለቅ መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ወደ አጥሩ የምትሄድ መሰለች። ከዚያ ሐሳቧን እንደለወጠች ሁሉ አየሩ ላይ ጥቂት አረፍ አለች፣ ተንሳፈፈች፣ መንገዱ መሃል ስትደርስ ጎንበስ ብላ ወደ ቀኝ ታጠፈች። መቺው የመጥረጊያ እንጨቱን በሙሉ ኃይሉ ሲወነጭፍ ክዳኗ ከጉልበቱ በታች ሾልካ አለፈችና ከኋላው የተደገፈውን ቆርቆሮ ጠቅ አደረገችው።

«ሦስተኛህ ነው። ዱላውን ዓይን ላለው ሰው አቀብል» አለ ዱባ ከቆርቆሮው አጠገብ እንደ ተቀመጠ። እናቱ ያወጣችለት ስም ራሚሮ ነው። ጭንቅላቱም ሆዱም ክብ ስለሆኑ ግን መንደሩ በሙሉ ዱባ ይለዋል፤ እሱም አቤት ማለቱን ከጀመረ ቆይቷል።

ላ ሶሌዳድ በሚባለው በዚህ መንደር ልጅ ሁሉ የቤዝቦል ኳስ ከመያዙ በፊት የሚይዘው የትልቁን የውሃ ፕላስቲክ ሰማያዊ ክዳን ነው። ክዳን አይገዛም፤ በየቤቱ ጓሮ ይገኛል። ከትምህርት ቤት መልስ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው በመጥረጊያ እንጨት ይመታል፣ ፀሐይ ከስኳር ፋብሪካው ጭስ ማውጫ ጀርባ እስክትገባ ድረስ ማንም ልጁን ወደ ቤት መጥራት አይችልም። ውሃ እንኳ በቅጡ አይጠጡም።

ሳምንቱ ሸንኮራው የሚቃጠልበት ነበር። ከእርሻው የሚመጣው አመድ እንደ ጥቁር ላባ እየተንሳፈፈ በልጆቹ ፀጉር፣ በተሰጣው ልብስ፣ በድመቶቹ ጀርባ ላይ ያርፋል። ኤልሚን ክዳን ሲወረውር አንዳንዴ አመዱንና ክዳኗን መለየት ያቅተዋል። ሁለቱም የትም ለመድረስ የማይቸኩሉ ይመስላሉ። ለማንም አይናገረው እንጂ ከኳስ ይልቅ ክዳን ይወዳል። ኳስ የታዘዘችበት ትሄዳለች። ክዳን ግን መንገድ ላይ ታልማለች፤ እሱም አብሯት ያልማል።

ሌላ ክዳን አነሣና ወረወረ። ያን ጊዜ ከክርኑ በውስጥ በኩል አንድ ነገር ጠቅ አደረገው። ትልቅ ሕመም አልነበረም። ልብስ ሲሰፉ መርፌ ጣት እንደምትነካው ያህል ነው። ሦስት ሳምንት ሆኖታል እንዲህ ሲያደርገው። ክንዱን አራገፍ አራገፍ አደረገ፣ ማንም እንዳላየው ዙሪያውን ቃኘ፣ ደግሞ ወረወረ። የልጅ ነገር፤ ያላዩለትን ሕመም የሌለ ይመስለዋል።

ቤት ሲገባ እንደ ወጉ ከደጃፉ ላይ ቆሞ «ይመርቁኝ፣ እማማ» አለ።

«እግዜር ይባርክህ፣ ልጄ» አሉ አያቱ ዶና ኤርሲሊያ ከጓዳ። እናቱ ዋና ከተማው ውስጥ ሆቴል ስለምትሠራ በየሁለት ሳምንቱ ነው የምትመጣው። ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ስለዚህም የሚያስፈሯቸው ነገሮች ብዙ ናቸው፦ እርጥብ ፀጉር፣ የማለዳ ነፋስ፣ ፍሬን የሌለው ሞተር፣ ከበላ በኋላ የሚዋኝ ልጅ። ከሁሉም በላይ ግን ምች ይፈራሉ። ልብስ ተኩሰው ማቀዝቀዣ አይከፍቱም፤ ሌላውም ሲከፍት ካዩ ይጮኻሉ።

እራት ማንጉ ነበር፣ ተቀቅሎ የደቀቀ አረንጓዴ ሙዝ፣ ቀይ ሽንኩርት ከላዩ ተነስንሶበት። ኤልሚን ሹካውን በግራ እጁ ያዘ። አያቱ አዩትና ቀኙ ምን ሆነ ብለው ጠየቁ። በሁለቱም እጅ መብላት እየተለማመደ መሆኑን ነገራቸው። ወዲያው ተነሥተው ክርኑን ዳሰሱ፤ ከውስጥ በኩል ሲነኩት ሳያስበው ፊቱ ተኮማተረ። አሃ አሉ። ኳስ ወርውሮ እንዳላበው በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቧል፣ ምች ነው፣ መቼ ሰምቷቸው ያውቃል። ኤልሚንም አዎ፣ ታጥቤያለሁ አለ። አልታጠበም ነበር፤ ግን ምች ቶሎ የሚድን ነገር ስለሆነ ውሸቱን ወደደው። የሚያቃጥለውን ቅባት አሹለት፣ በጨርቅ ጠቀለሉለት። ክንዱ ሞቀ። ሕመሙ ከሙቀቱ ስር ተኝቶ እንደሚጠብቅ ግን ይሰማው ነበር።

ቀኑ ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ከአንድ የቤዝቦል ሥልጠና ካምፕ ሰው ይመጣል። የመጪውን ዓመት ልጆች የሚመርጠው እሱ ነው፤ ወደ ላ ሶሌዳድ ከዚህ በፊት መጥቶ አያውቅም። አሠልጣኙ ዶን ሊዮካዲዮ፣ ልጆቹ ፕሮፌ የሚሏቸው፣ መጀመሪያ የሚወረውረው ኤልሚን እንደሆነ ተናግረዋል። አያቱም ነጩን ሱሪ ከወዲሁ አጥበው ሰቅለውት አመዱ እንዳይነካው ሦስት ጊዜ አስገብተው አውጥተውታል።

ፕሮፌ የራሳቸው ሕግ ያላቸው ሰው ናቸው። ሌላ ሜዳ ላይ ልጅ እስኪደክመው ሳይሆን አባቱ ማየት እስኪደክመው ነው የሚወረውረው ይላሉ። እሳቸው ግን በቀኝ ኪሳቸው ሃምሳ ደረቅ ቦሎቄ ይይዛሉ። ኤልሚን አንድ ኳስ ሲወረውር አንዷን ቦሎቄ ወደ ግራ ኪስ ያዛውራሉ። ቀኙ ኪስ ባዶ ሲሆን፣ ጨዋታው የትም ይድረስ፣ ወርዋሪው ከሚቆምበት ጉብታ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ኳስ አይነካም። ጢሙን ያልተላጨ ልጅ ጠማማ ኳስ እንዲወረውር አይፈቅዱም። የሚወረውረው እግርህ ነው፣ ክንድህ ተሳፋሪ ነው ይላሉ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከእሳቸው ሜዳ አንድም ልጅ ክርኑን ይዞ አላለቀሰም። ይህን ሲናገሩ ባርኔጣቸውን ከፍ ያደርጋሉ።

አርብ ከምሳ በፊት ለማፍታታት ያህል አሥር ኳስ ብቻ እንዲወረውር አዘዙት። የሚቀበለው ዱባ ነው፤ በጓንቱ ተደግፎ ቁጢጥ ሲል ግድግዳ ይመስላል። ኤልሚን ወረወረ። ኳሷ ደረሰች፣ ግን እንደ ወትሮዋ ጓንቱ ውስጥ አልጮኸችም። ሰባተኛዋ ላይ ፕሮፌ ቦሎቄያቸውን በጣታቸው እያሹ ቀረብ አሉና ኳሷ እንደ ልማዷ እየመጣች እንደሆነ ዱባን ጠየቁት። ዱባ ዓይኑን ሳያርገበግብ የጓንቱ ክር ላልቷል፣ ለዚያ ነው ድምፁ የጠፋው አለ። ክሩን እንኳ እያሳየ ነበር የዋሸው።

ከዚያ ሁለቱ ቧንቧው ጋ ብቻቸውን ሲሆኑ ዱባ ጭንቅላቱን ውሃው ስር እንደ ደፋ ቆየ። ቀና ሲል እየቀለደ አልነበረም።

«እኔ እኮ ኳስህን በጆሮዬ አይደለም የማውቃት፣ በመዳፌ ነው» አለ። «ድሮ ታቃጥለኝ ነበር። አሁን እንደ እንግዳ አንኳኩታ ነው የምትገባው። አንድ ጊዜ ዋሽቼልሃለሁ። ነገ ሰውየው ፊት ደግሜ እንድዋሽ አታድርገኝ።»

ኤልሚን ቧንቧውን ዘጋ። ምች ነው ሊለው ፈልጎ አፉ እምቢ አለው።

ወደ ቤት የወሰደው አጎቱ ኔፍታሊ ነው። የአያቱ የመጨረሻ ልጅ ሲሆን በሞተር ብስክሌቱ ሰው እያመላለሰ ይኖራል። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቀኝ ክንዱ አይዘረጋም፤ መሪውን ሲይዝ እንኳ ትከሻው ወደ ፊት ይወጣል። በአሥራ አምስት ዓመቱ የመንደሩ ሰው ሥራውን ትቶ እሱ ሲወረውር ያይ እንደነበር ሌሎች ይናገራሉ እንጂ እሱ አይናገርም።

በባሕሩ ዳር መንገድ ላይ ሲሄዱ ኤልሚን የአጎቱን ወገብ የያዘው በግራ እጁ ብቻ ነበር። ኔፍታሊ ሞተሩን ከአንድ ሰፊ ቅጠል ካለው ዛፍ ጥላ ስር አቆመ። ባሕሩ በዚያ ሰዓት ቀለም የለውም፤ ከሰማዩ ጋር ተቀላቅሎ አንድ ትልቅ ነጭ እንቅልፍ ይመስላል። ኤልሚን እዚያ ቆሞ ማዕበሉን ሲሰማ ነገም ክርኑም ከሩቅ የተወራ የሌላ ልጅ ነገር መሰለው።

«ከውስጥ ነው ከውጭ?» አለው አጎቱ።

«ከውስጥ።»

ኔፍታሊ ያን ጊዜ ተናገረ። ድንጋይ እየቆጠረ የሚሄድ ሰው ይመስል ቀስ እያለ ነበር። በእሱ ጊዜ ቦሎቄ የሚያዛውር ሰው አልነበረም። ሲያመው ክንድህ እየተከፈተ ነው፣ እያደግህ ነው አሉት፤ እሱም አድጋለሁ ብሎ ወረወረ። ሐኪሙ የነገረው ከረፈደ በኋላ ነው። በዚያ ዕድሜ ክርን ውስጥ ገና አጥንት ያልሆነ ቦታ አለ፣ እንደ ሸንኮራ ጫፍ ለስላሳ፤ በየቀኑ ከሳቡት ከቦታው ይላቀቃል። ይህን ብሎ የማይዘረጋውን ክንዱን አላሳየውም። ማሳየት አላስፈለገውም።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀው። ይህ ክንድ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሲሠራ ነው የሚውለው? ኤልሚን አሰበ። ቅዳሜ ሃምሳ ኳስ፤ ረቡዕ ሃያ። ይጽፋል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ይታጠባል። ከትምህርት ቤት መልስ ደግሞ ክዳን።

«ክዳኑስ ስንት ነው?»

«ክዳን እኮ ነው፣ አጎቴ። ከቅጠል አይከብድም።»

«ቅጠሉን ማን መዘነው? ስንት ትወረውራለህ ነው ያልኩህ።»

ኤልሚን በጣቱ መቁጠር ጀመረና ተወው። አያውቅም ነበር። ማንም አያውቅም። ፕሮፌ ራሳቸው ከልምምድ በኋላ ሂዱ ክዳን ተጫወቱ፣ ዓይን ያጠራል እያሉ ይልኳቸዋል። በላ ሶሌዳድ ክዳን የቆጠረ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ የአመዱን ላባ ማን ይቆጥራል? አጎቱ መልስ አልጠበቀም። ሞተሩን አስነሥቶ በቀስታ፣ ለአያቱ ደስ በሚላቸው ፍጥነት፣ ወደ ቤት ወሰደው።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ከደጃፉ መጥተው ጠሩት። የቤት ሥራ አለብኝ አላቸው። ከአርብ ጀምሮ የቤት ሥራ የሚሠራ ሰው ከመቼ ወዲህ ነው ብለው ሳቁበትና በእሱ ቦታ ሳውሪን አቆሙት። ሳውሪ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የቡድኑ ሁለተኛ ወርዋሪ። ቀጭን፣ ችኩል፣ ኤልሚን የሚያደርገውን ሁሉ ከአንድ ቀን በኋላ የሚያደርግ ልጅ።

ኤልሚን ደጃፉ ላይ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ። ሳውሪ ሲወረውር አንድ ጭረት ጫረ። ደግሞ ሲወረውር አንድ። አምስት ሲሞላ በላያቸው ላይ አንድ ሰያፍ መስመር። መጀመሪያ ጨዋታ ይመስል ነበር። ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ብርሃኑ እንደ ማር ወፍሮ መንገዱን ሞላው፤ ክዳኖቹ እዚያ ውስጥ ሲያልፉ ሰማያዊነታቸው ይጠፋና ይመለሳል። አመድ ይወርዳል። አንድ ክዳን፣ አንድ ላባ፣ አንድ ክዳን። ኤልሚን ዓይኑ ሳይከደን አለመ። ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ የወረወራቸው ክዳኖች ሁሉ አንድ ላይ ተነሥተው ከመንደሩ በላይ ሲያንዣብቡ አየ፤ ብዛታቸው ፀሐይዋን ጋረዳት፣ ግን ድምፅ የላቸውም፣ አንዳቸውም አይወድቁም። ሁሉም በክንዱ በኩል ነበር ያለፉት። እርሳሱ ግን መጫሩን አላቆመም።

ሲጨርሱ ቆጠረ። አንድ መቶ ስልሳ ሦስት። በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሁሉም ጠማማ። ያን ጊዜ ሳውሪ ወደ ቤቱ ሲሄድ ክንዱን አራገፍ አራገፍ ሲያደርግና ማንም አይቶት እንደሆነ ዙሪያውን ሲቃኝ አየው።

አያቱ ወጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። ምን ይጽፋል ብለው ሲጠይቁ ሒሳብ ነው አላቸው፤ ይኸኛው እንኳ ውሸት አልነበረም። ጭረቶቹን አዩ፣ እሱን አዩ። እጃቸውን ክርኑ ላይ አሳረፉ፤ አላሹትም፣ አልጫኑትም።

«ምች ቢሆን ኖሮ ቅባቱ ያባረረው ነበር» አሉ በዝግታ። ከዚያ ሩዙ እንዳያርባቸው ወደ ጓዳ ተመለሱ። ከጓዳም ሆነው ለረጅም ጊዜ ድስት ሳይነኩ እንደ ቆሙ ሰማ።

ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ላይ ጤዛ ነበር። እንግዳው ሰው ከማንጎው ዛፍ ስር የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ነጭ ኮፍያ፣ ጭኑ ላይ ሽጉጥ የሚመስል የፍጥነት መለኪያ። እናቶች ጃንጥላ ዘርግተዋል። ፕሮፌ ከመሣሪያው ሳጥን አጠገብ ቆመው ቦሎቄያቸውን ወደ ቀኝ ኪሳቸው እየቆጠሩ ነበር። ኤልሚን ጠበቀ፤ ሃምሳ ሲሉ ያመኛል አላቸው።

የት፣ ከመቼ ጀምሮ ብለው ጠየቁት፤ ነገራቸው። ፕሮፌ ወደ ማንጎው አዩ፣ ወደ ጉብታው አዩ። ባርኔጣቸውን አወለቁና ውስጡን ተመለከቱ፣ ምክር የተጻፈበት ይመስል።

«ስማኝ፣ ልጄ» አሉ። «ይህ ሰው መቼ እንደሚመለስ አላውቅም፤ አልዋሽህም። አሁን ቀለል ብሎኛል ብትለኝ አምንሃለሁ። ማመን ስለምፈልግ። ስለዚህ አንድ ጊዜ አስበህ ንገረኝ።»

ኤልሚን አሰበ። ክንዱ በዚያች ደቂቃ ጨርሶ አያመውም ነበር፤ ጠዋት ጠዋት አያመውም። ማንጎው ስር ያለው ሰው እግሩን አጣምሮ ይጠብቃል። ሃያ ኳስ ብቻ ቢወረውር ማን ያውቃል? ዱባ ያውቃል። እሱም ያውቃል። ደግሞም እነዚያ ሃያ ኳሶች ሄደው የት እንደሚያርፉ አየ፤ የአጎቱ ትከሻ መሪው ላይ ወደ ፊት ወጥቶ ታየው።

«ያመኛል፣ ፕሮፌ» አለ።

አስቸጋሪው ግን ገና ነበር። ከደብተሩ የቀደዳት ገጽ ኪሱ ውስጥ ነበረች። ኤልሚን ከወጣ ጉብታው ላይ የሚወጣው ሳውሪ ነው። ሳውሪ ጫማውን እያሰረ፣ ሊሆን የሚችለውን ገምቶ ከወዲያ ያያቸዋል፤ ዓይኑ ያበራል። ወረቀቷን ደብቆ መቀመጥ ይችል ነበር፤ ማንም ወንድሜ ምን አደረግኸኝ አይለውም። አወጣና ሰጣቸው። የሳውሪ የትናንት ከሰዓት ነው፣ የእኔ ከዚህ ይበልጣል፣ ክዳን ነው አላቸው።

ፕሮፌ ጭረቶቹን በአውራ ጣታቸው እየነኩ እስከ ታች ቆጠሩ። ከዚያ ሳጥኑ ላይ ተቀመጡ። አርጅተው የማያውቁት ሰው በአንድ ጊዜ ያረጁ መሰሉ።

«ሂዱ ተጫወቱ ያልኳችሁ እኔ ነኝ» አሉ። ለኤልሚን ሳይሆን ለወረቀቷ የተናገሩ ይመስል ነበር።

ሳውሪን ጠርተው ሁለቱንም ክንዶቹን ወደ ፊት እንዲዘረጋ አዘዙት። ግራው ቀጥ አለ። ቀኙ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ሳውሪ በኃይል አንዴ ዘረጋው፣ ከንፈሩን ነከሰ፣ ተመለሰበት። ሰኞ ሁለታችሁም ራጅ ትነሣላችሁ አሉ ፕሮፌ፤ ሐኪሙ እስኪናገር ኳስም ክዳንም የለም። ከዛሬ ጀምሮ ማንም ልጅ ክዳን የወረወረበትን ቀንና ብዛቱን ሳይነግረኝ ጉብታ ላይ አይወጣም። ይህን የሰሙት ሌሎቹ አጉረመረሙ፤ አንዱ እንዲያውም ክዳን ከተቆጠረ እንግዲህ ማስነጠስም ይቆጠር አለ።

ሳውሪ ኤልሚን አጠገብ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

«ካመመህ ዝም ብለህ ለራስህ አትወጣም? በእኔ ክንድ አንተ ምን ቤት ነህ?»

«ስታራግፈው አይቼሃለሁ» አለ ኤልሚን።

«ማን እይልኝ አለህ?»

ሳውሪ አጎንብሶ የጫማውን ማሰሪያ ፈታ።

ጉብታው ላይ የወጣው የመሃል ተጫዋች የነበረው ዊልኪን ነው። ደህና ልጅ ነው፣ ግን ኳሷ ከእጁ ስትወጣ ወዴት እንደምትሄድ እሱም እንደ ተመልካቹ ነው የሚያውቀው። አንዷ የዱባን ራስ አለፈች፣ አንዷ የመቺውን ጀርባ መታች። የተቃራኒው መንደር ሰዎች ይዘፍናሉ። አያቱ ከጃንጥላቸው ስር ተቀምጠዋል፤ የልጅ ልጃቸው ለምን ወንበር ላይ እንደ ቀረ ማንም አልነገራቸውም፤ ግን ከጠዋት ጀምሮ ሲያፍተለትሉት የነበረውን መሐረብ አሁን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ያለሰልሱታል።

በሦስተኛው ዙር መቺው ኳሷን በዱላው ጫፍ ነካት። ወደ ጎን ወጥታ ሣሩ ላይ ተንከባለለች፣ ከማንጎው ስር አለፈችና ከኤልሚን እግር አጠገብ ቆመች። አጎንብሶ በቀኝ እጁ አነሣት። ጤዛ ነክቷታል፤ ስፌቷ ጣቶቹን አወቃቸው። ዱባ ከሜዳው መሃል ቆሞ ጓንቱን ከፍቶ ዘርግቷል።

እንግዳው ሰው ከወንበሩ ዞር አለ። የኤልሚንን ጣቶች፣ ከዚያ ትከሻውን አየ።

«አንተ ነህ ይወረውራል ያሉኝ?» አለ። «እስቲ ላክለት፣ ልይህ።» መለኪያውንም ከጭኑ አነሣ።

ሩቅ አልነበረም። ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። እንዲህ ያለ ኳስ ሲደርሰው ሳያስብ የማይመልስ ልጅ በዚያ አገር የለም፤ ክንዱ ራሱ ቀድሞ ወደ ኋላ ሊሄድ ጀምሮ ነበር። ሳውሪ አንገቱን ቀና አድርጎ ያየዋል።

ኤልሚን ኳሷን ወደ ግራ እጁ አዛወረና መራመድ ጀመረ። በሣሩ ላይ፣ በመስመሩ ላይ አለፈ። ጨዋታው ቆሞ ጠበቀው። የተቃራኒው መንደር አንድ ሰው በአህያ ላኳት፣ ይሻላል ብሎ ጮኸ፤ ሰው ሳቀ። ፀሐይዋ ሜዳውን ስላሞቀችው ጤዛው እየተነነ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ምድሩ የሌለ ይመስል ነበር፤ መንገዱም ማለቂያ የሌለው። ከኋላው መለኪያውን የያዘው ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ ዞሮ አላየም።

ዱባ ጓንቱን አላጠፈም። ኤልሚን እስኪደርስ እንደ ተዘረጋ ጠበቀው።

ኳሷን መዳፉ ላይ አስቀመጠለትና፣ ሳይሮጥ፣ በመጣበት ተመለሰ።